በቦዩ አፍ ላይ የበቀለ ሙዝ

የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

የመጽሐፌ ረቂቅ ዛሬ ከአዲስ አበባ ተመለሰ። የአሳታሚ ድርጅቱ አርታኢ በአውቶብስ ልካልኝ መናኸሪያ ወርጄ ተቀበልኩ። ትርሐስ ትባላለች፤ በስልክ እንጂ በአካል አንተዋወቅም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «ታሪክሽ ጥሩ ነው። ግሶችሽ ግን ደክመዋል። ሰዎችሽ አይሠሩም፤ ይደረግባቸዋል፣ ይሆንባቸዋል፣ ይባላሉ። እስከ ግንቦት መጨረሻ አርመሽ ከላክሽልኝ ዘንድሮ ይታተማል። ካለፈ ግን ቃል አልገባልሽም።»

ተናደድኩ። ይህን ያህል ዓመት አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ስለ ግስ ከአዲስ አበባ ይነገረኝ? ምሳ ሳልበላ ተቀመጥኩና መሃል ላይ አንድ ገጽ ገለጥኩ። «ሴትዮዋ ለጎረቤቷ ጥሪ አደረገች» ይላል። ጠራች ማለት ምን ቸገረኝ? ዝቅ ብሎ «ልጁ የማልቀስ ሁኔታ ውስጥ ገባ» ይላል። አለቀሰ ነው እኮ። ንዴቴ በረደና እፍረት መጣ።

የካቲት 6

ስብሰባ። ርዕሰ መምህሩ ተነሥቶ «በአንዳንድ መምህራን ዘንድ የማርፈድ ሁኔታ እየተስተዋለ ይገኛል» አለ። የምታረፍደዋ እኔ መሆኔን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ጠዋት ጠዋት አባዬን ለማየት ወደ ኩልፎ ወንዝ ዳር ስወርድ ነው የማረፍደው፤ በየቀኑ ግን አይደለም። ስሜን ስላልጠራ በልቤ አመሰገንኩት። ደካማ ግስ ለካ ሰውም ያስጠልላል።

የካቲት 9፣ እሁድ

አባዬ ዘንድ ዋልኩ። ከገና በፊት ግማሽ ጎኑን ከያዘው ጀምሮ ከአልጋ አልወረደም። ምላሱም ተሳስሯል። ገበያ ለገበያ የለመደው አማርኛ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶበት ጋሞኛው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ቁርጥራጭ። ውሃ፣ በቃ፣ ና፣ ይላል። ሌላውን በዓይኑ ነው የሚናገረው።

ዛሬ ስም ጠራ። «ሻሺቱ» አለ። ቀና ብዬ ታላቅ ወንድሜን ዘመድኩንን አየሁት። አባዬን የሚያስታምመው እሱ ነው፤ የአታክልት ቦታውንም ይዟል፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነው። ትራሱን እያስተካከለ «ሰው ሲታመም ስም ይቀላቅላል» አለ። እኔም «አዎ፣ ይቀላቅላል» አልኩ። ሻሺቱ የሟቹ አጎታችን ሚስት ናት። ጫኖ ነው የምትኖረው። ለስንት ዓመት እዚህ ቤት አልገባችም።

ስመለስ በመስኖ ቦዩ ዳር አለፍኩ። አፉ ላይ የበቀለው ያ ሙዝ እንደቆመ ነው። ሻሺቱ የነበረችበት ማሳ ላይም ሙዝ ተተክሏል፤ ጥሩ ይዟል።

የካቲት 14

ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ደረስኩ። መጽሐፉ ያለ እሱ አይቆምም። «በዚያ በጋ የመበለቷ ውሃ ተዘጋ። ሙዟ ደረቀ። ልብሷን ጠቅልላ ወጣች።» ትርሐስ ከጎኑ «ማን ዘጋው?» ብላለች። ሌላው ገጽ ላይ ሐተታ ትጽፋለች፤ እዚህ ላይ ግን ሁለት ቃል ብቻ።

ወደ ምዕራፍ አሥር አለፍኩ።

የካቲት 21

ሳምንቱን ሙሉ «ሁኔታ»ን ስነቅል ሰነበትኩ። እንደ አረም ነው፤ አንዱን ሲነቅሉት ሌላው ከሥሩ ብቅ ይላል። «ውሳኔ ላይ ደረሰ» የነበረው «ወሰነ» ሆነ። «ምልከታ አደረገች» የነበረው «አየች» ሆነ። ሰዎቼ እግር አወጡ። አንዷ ገጸ ባሕርይ ስትቆጣ እኔው ራሴ ፈራኋት።

ምዕራፍ ዘጠኝ ግን አልሆነልኝም። «ውሃው ቆመ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ «ውሃው ቀረ»። ቀጥሎ «ቦዩ ነጠፈ»። ሦስቱንም በቴሌግራም ላክሁላት። «ውሃ በገዛ ፈቃዱ አይቆምም» ብላ መለሰች። «አንድ ሰው አቁሞታል። ሳታውቂው ነው ወይስ ልትነግሪን አልፈለግሽም?»

መልስ ሳይሰጣት ቀረ።

የካቲት 27

የውሃው ነገር ዛሬ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ እጽፋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ እንኳ በግልጽ ልጻፈው።

ከኩልፎ የተጠለፈው ቦይ በእኛ ማሳ በኩል ያልፍና ወደ ሻሺቱ ይወርድ ነበር። በጋ ላይ ውሃው በተራ ነው፤ የእሷ ተራ ረቡዕ ሌሊት ነበር። አጎቴ በሞተ በዓመቱ፣ ውሃ ክፉኛ ባነሰበት በጋ፣ በእሷ በኩል ያለውን የቦይ አፍ አንድ ሰው በጭቃና በሙዝ ጉማጅ ደፈነው። ስትከፍተው ተደፈነ፤ ደግማ ስትከፍተው ደግሞ ተደፈነ። የውሃ ዳኛው ዘንድ ሄደች። «ማን እንደሆነ በዓይንሽ አይተሻል?» አላት። አላየችም። ሙዟ ደረቀ፤ ወደ ወላጆቿ አገር ጫኖ ሄደች።

የደፈነው ሰው ግን ተሳስቷል። ጉማጁ ሥር ነበረው። ዝናብ ሲመጣ በቀለ። ባደገ ጊዜ ግንዱ ወደ ቀይ የሚያደላ ሆነ፤ በዚያ ቦይ ላይ ቀይ ግንድ ያለው ሙዝ የነበረው አንድ ሰው ነው። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ አየው፤ ማንም ምንም አላለም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ፍሬውን ግን ሰው አይቆርጠውም። ዝንጀሮ ይበላዋል፤ ቡቃያው ቡቃያ እየተካ እስከ ዛሬ ቆሟል።

የዚያ ዓመት የእኛ ሙዝ እጅግ ጥሩ ያዘ። በመጣው መስከረም ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።

የእኔ መጽሐፍ ልብ ወለድ ነው። መበለቷም ሌላ ሴት ናት።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

ወደ አባዬ መሄድ አልተቻለም። የሚታረም ፈተና ነበር። ዘመድኩን ሁለት ጊዜ ደውሎ ስልኩ ሳይነሣ ቀርቷል።

መጋቢት 11

ክፍል ውስጥ ስለ ግስ አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ «ሳህኑ ተሰበረ» ብዬ ጻፍኩና «ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ይጎድለዋል?» አልኩ። ኑሀ እጇን አወጣች፤ የባለሱቁ የሙደሲር ልጅ ናት፤ ምላሷ ስለት ነው።

«ቲቸር፣ ምንም አይጎድለውም። እማዬ ‹ማን ሰበረው› ስትል እኛ ቤት መልሱ እሱ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ወደ ሰሌዳው ዞሬ ልደመስሰው ስል ደግሜ አነበብኩት። ደወሉ ገላገለኝ።

መጋቢት 21፣ እሁድ

አባዬ ዛሬም ጠራት። እጄን በደህና እጁ ጨብጦ «ሻሺቱ» አለ፤ ትንሽ ቆይቶ «ውሃ» አለ። ዘመድኩን ብርጭቆ አቀረበለት። ብርጭቆውን ገፋው።

አቶ ዳልጮ ሊጠይቁት መጥተው ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ ጠርተው የሚያስታርቁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባታችሁን ኦይታን የበደሉ ጎሜ ነው የያዘው» አሉ። «የበደለ ሰው ያደረገውን በራሱ አፍ ካልተናገረ አይለቀውም። ነፍሱም አትወጣ፣ ሰውነቱም አይድን።»

ዘመድኩን ፊቱ ተለዋወጠ። «አቶ ዳልጮ፣ አከብርዎታለሁ። እኛ ግን ጌታን የተቀበልን ሰዎች ነን፤ የጎሜ ነገር እዚህ ቤት አይነሣም። የአባዬ ኃጢአት በደም ታጥቧል።»

«ይታጠብ። እኔም እሁድ እሁድ እዚያው ነው የምውለው» አሉ አቶ ዳልጮ። «መታጠቡን ለሻሺቱ ግን ማን ነገራት?»

ዘመድኩን በመስኮቱ በኩል ወደ ውጪ አየ። ከመስኮቱ ማዶ የሻሺቱ ማሳ ይታያል። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አባዬም አየኝ። የተማርኩት እኔ ነኝ፤ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ቃል ያላት እሷ ናት ብለው ይሆናል።

«ባጃጅ እንዳያመልጠኝ» ብዬ ተነሣሁ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ሚያዝያ 1

ሥራው ቀንቶኛል። ከምዕራፍ ዘጠኝ በቀር ጨርሻለሁ። ድሮ የጻፍኩትን ሳነበው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይመስለኛል። አሁን ሰዎቼ ይቆርጣሉ፣ ይሸከማሉ፣ ይዋሻሉ። ደስ ይላል። ትርሐስም «አሁን ጸሐፊ ሆንሽ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ይህን ቃል ስደጋግም ዋልኩ።

ሚያዝያ 6

ዝናብ። ሁለት ቀን አላባራም። ኩልፎ ሞልቶ ወጣ፤ ከታች ያሉት ሙዞች በውሃ ተከበዋል አሉ። ዘመድኩን ደወለ። ሰው ደህና ነው።

«የቦዩን አፍ ጎርፉ ጠራርጎ ወሰደው» አለ። «ያ ሙዝም ከነሥሩ ሄደ። አየሽ? እግዚአብሔር ራሱ ነቀለው። በቃ፣ አለቀ።»

ተመስገን አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ስልኩን ዘጋሁ። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ሚያዝያ 8

ምዕራፍ ዘጠኝ ተፈታ። ስንት ጊዜ የተንገላታሁበት አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ጠዋት፦ «ኩልፎ ሞልቶ መጣ፤ ጎርፉ የመበለቷን ቦይ በደለል ደፈነው።» ግሱ ጠንካራ ነው። ባለቤቱም ይታወቃል፤ ጎርፉ ነው።

ለትርሐስ ላክሁላት። ወዲያው መለሰች፦ «በቃ! አሁን ቆመ። ቆንጆ ነው፤ እንዳትነኪው።»

ለዚህ መልእክት ስንት ወር ጠብቄአለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሚያዝያ 12፣ ትንሣኤ

ሁላችንም አባዬ ዘንድ ነበርን። ዶሮው ተበላ፤ እሱ ከሾርባው ሁለት ማንኪያ እንኳ አልዋጠም። ከስቷል። ዘመድኩን ቆሞ ሲጸልይ፣ ልክ «በደላችንን ይቅር በለን» ሲል፣ አባዬ «ሻሺቱ» አለ። ዘመድኩን ድምፁን ከፍ አደረገ። አባዬም ከፍ አደረገ። ሁለቱ እንዲህ ሲጫረቱ ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። አሜን ሲባል አባዬ ያለቅስ ነበር። በግማሽ ፊት ማልቀስ ከባድ ነው፤ አንዱ ወገን ያለቅሳል፣ ሌላው ዝም ብሎ ያያል።

እስኪሞት ነው የምንጠብቀው። ይህን ማንም አላለውም፤ እኔ ነኝ ያልኩት።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ጫኖ ሄድኩ። ሻሺቱ ከአስፋልቱ ዳር ማንጎና ሙዝ ትሸጣለች። አውቃታለሁ፤ ወደ አዲስ አበባ ባለፍኩ ቁጥር በመኪና መስኮት አያታለሁ። ወርጄ አላውቅም። ፀጉሯ ሸብቷል እንጂ አቀማመጧ ያው ነው። ገና ስታየኝ «አቢጋኤል» አለች፤ የጥያቄ ቃና አልነበረውም። በርጩማዋን ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ፤ እሷ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

ስለ አባዬ ነገርኳት። ሰምታለች። ከዚያ ስንት ቀን ያሰብኩትን ጀመርኩ።

«አክስቴ፣ ያኔ ውሃው በተዘጋ ጊዜ…»

«በተዘጋ ጊዜ» አለች፤ ማንጎዎቹን መደርደሯን አላቆመችም።

«ማለት፣ በዚያን ጊዜ በተፈጠረው ነገር…»

ሚኒባስ ቆመ። ተነሥታ ሸጠች፤ ከተሳፋሪው ጋር ተከራከረች፤ ሳቀች። እንደማትመለስ ሁሉ ቆየች። ስትመለስ፣ «አባዬ ነው የዘጋው» አልኩ።

አላየችኝም። «አውቃለሁ» አለች። «ግንዱ ሲቀላ አይቻለሁ። ከጫኖ ድረስ ሄጄ ልነቅለው ነበር። ከዚያ ተውኩት። እኔ ስናገር ማን ይሰማኛል፤ እሱ ቆሞ ይመስክርልኝ ብዬ።»

«ጎርፍ ወሰደው።»

«ሰማሁ። ምስክሬ ሲሄድ ነው እንግዲህ አንቺ የመጣሽው።»

መሬት ዋጪኝ ማለት ለካ እንዲህ ነው። በለሰለሰ ድምፅ ቀጠለች፦

«ስትመረቂ ሰው ነገረኝ። ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ደግሞ አናደደኝ፤ ሦስት ቀን ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም። ልጅ ነበርሽ፤ በአንቺ ቂም የለኝም። ግን አንቺ አይደለሽም የዘጋሽው። እሱ ይንገረኝ፤ እመጣለሁ።»

«መናገር አቅቶታል፣ አክስቴ።»

«ስሜን ይጠራል አላልሽኝም? ስም የጠራ አፍ አንድ ቃል አያጣም።»

ስነሣ ማንጎ በፌስታል ሞልታ ሰጠችኝ። አልቀበልም ስላት ተቆጣች።

ሚያዝያ 19

ለዘመድኩን ነገርኩት። ጮኸብኝ። «ያለ እኔ ማን ላከሽ? ነገ ማሳዬን ብትልስ?» አለ። ወዲያው የተናገረውን ራሱ ሰማው። ቆይቶ፣ «ትምጣ» አለ።

ሚያዝያ 25፣ ቅዳሜ

መጣች። በእግሯ ነው ከዋናው መንገድ የገባችው፤ ነጠላዋ ጫፉ ጭቃ ነክቶታል። አቶ ዳልጮ ለዕርቅ የሚያዘውን እርጥብ ሣር ይዘው ደጃፉ ላይ ጠበቋት። ዘመድኩን «ሣሩ እንኳ ውጪ ይቆይ» አለ። «ይቆይ» አሉ ሽማግሌው፤ ደፉ ላይ አስቀመጡት። ሻሺቱ ተራምዳው ገባች።

አባዬ ሲያያት ሊነሣ ሞከረ። ደግፈን አስቀመጥነው። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣም። ደግሞ ከፈተ። ግንባሩ ላብ አወጣ፤ አንገቱ ሥር ያለው ደም ሥር ተገተረ። ለማየት ይከብድ ነበር። ዘመድኩን ስላላስቻለው «አክስቴ፣ ይቅርታ እያለሽ ነው» አለ።

«አንተ ዝም በል» አለችው፤ ዓይኗን ከአባዬ ሳትነቅል። «እየሰማሁት ነው።»

ጠበቅን። አቶ ዳልጮ በትራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ጠበቁ። እኔ በልቤ ቃሉን ልሰጠው ስታገል ነበር፤ ቃል ማጉረስ የሚቻል ይመስል። ብዙ ቆየ። ከዚያ በጋሞኛ፣ ጎርበጥ ባለ ግን በማያሻማ ድምፅ፣ አለው።

«ዘጋሁ።»

ሌላ ምንም አልጨመረም። ውሃ አንሶ ነበር አላለም። ልጄን ላስተምር ብዬ አላለም። ትራሱ ላይ ወድቆ ተነፈሰ።

ሻሺቱ አላለቀሰችም። ከንፈሩ መድረቁን አይታ ብርጭቆውን ከዘመድኩን እጅ ወሰደችና ጭንቅላቱን ደግፋ አጠጣችው። ጠጣ። አፉን በነጠላዋ ጠረገችለት። ከዚያ ወጥታ ሣሩን ከደፉ አንሥታ አመጣችና እግርጌው ላይ አኖረችው። ዘመድኩን አየ እንጂ አልተናገረም።

ልትሄድ ስትል ወደ ዘመድኩን ዞረች።

«ጎርፉ ቦዩን ከፍቶታል አሉ።»

«አዎ፣ ከፍቶታል።»

«ተራዬን ንገረኝ እንግዲህ።»

ወንድሜ በመስኮቱ ወደ ማሳዋ አየ። የሱ ሙዝ ነው እዚያ የቆመው። ስንት ዓመት የለፋበት ሙዝ። ያኔ ነው አንጀቴ ለእሱም የተንሰፈሰፈው።

«ረቡዕ» አለ። «ረቡዕ ነው፣ አክስቴ።»

ግንቦት 6

አባዬን ትናንት ቀበርነው። ሻሺቱ ከሴቶቹ ፊት ተቀመጠች። ሰው ሁሉ አያት፤ ማንም ምንም አላለም፤ የትናንቱ ዝምታ ግን ሌላ ነበር።

ግንቦት 13

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበብኩት። መጋቢት 6 «መሄድ አልተቻለም፤ የሚታረም ፈተና ነበር» ይላል። ፈተናውን ዓርብ አርሜ ጨርሼ ነበር። አልሄድኩም። ስልኩም እጄ ላይ ነበር፤ ሲጠራ አየሁት፤ አላነሣሁም። በዚያ ቀን አባዬ ሦስት ጊዜ ጠርቶኝ እንደነበር ዘመድኩን ለቅሶው ላይ ነው የነገረኝ።

በሻሺቱ ማሳ ላይ ያለው ሙዝ ይቆረጥ ወይስ ይካፈሉት፣ እሷና ዘመድኩን እስካሁን አልተስማሙም። አቶ ዳልጮ ይመላለሳሉ። ይጨቃጨቃሉ፤ ግን ስም እየተጠራሩ ነው።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ዛሬ ማታ የሻሺቱ ተራ ነው። ዘመድኩን የቦዩን አፍ ሊጠርግላት አካፋ ይዞ ወርዷል። ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ።

ጠዋት ምዕራፍ ዘጠኝን ከፈትኩ። እንዳትነኪው የተባልኩትን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩት፤ ጎርፉን ከነደለሉ። በቦታው እንዲህ ጻፍኩ፦ «የባሏ ወንድም ውሃዋን ዘጋ። በዚያ ውሃ ሙዙን አሳደገ፤ በሙዙ ሴት ልጁን አስተማረ።» ሳልቆይ ላክሁት፤ ብቆይ ኖሮ መልሼ እሰርዘው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ትርሐስ ደወለች። ድምፅዋ ግራ የተጋባ ነው።

«አቢጋኤል፣ ቆንጆውን ለምን አጠፋሽው? ደግሞስ ይቺ ልጅ ከየት መጣች? መጽሐፉ ውስጥ እኮ አልነበረችም።»

«ነበረች» አልኳት።